ለአቀበትና ለቁልቁለት የሚሆን ሞተር
ከማንኪራና ከቦንጋ በተሳቢ ጭነት ለሚያመላልሱ ነጋዴዎች

ቀድሞ ሲራራ ነጋዴ በቅሎ በሚገዛበት ጊዜ መልኳንና ሶምሶማዋን ብቻ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም ነበር። ደረቷን፥ ወገቧንና ኮቴዋን ይመረምራል፤ በገበያ ሜዳ ላይ ያማረች በቅሎ ጭነት ተጭና አቀበት ላይ ስትደርስ ልትለግም እንደምትችል ያውቃልና። ዛሬ የበቅሎን ቦታ ሞተር ወስዶታል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ይሁን እንጂ ፒክ አፕ የሚገዛ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበቱ ስንት እንደሆነ ነው እንጂ፥ ያ ጉልበት ጭነት በሚጎተትበት ዳገት ላይ ይገኝ ወይም አይገኝ እንደሆነ አጥብቆ የሚመረምር ጥቂት ነው። ስለዚህ ከባድ ተሳቢ ለሚጎትት ፒክ አፕ ስለሚስማማው ሞተር ለክቡራን አንባቢያን ጥቂት ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ለምሳሌነት የመረጥነው ስፍራ ማንኪራ ነው። ማንኪራ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፥ በካፋ ዞን፥ በዴቻ ወረዳ የሚገኝ ሲሆን፥ የቡና መገኛ ነው እየተባለ ስሙ በሩቅ አገር ጭምር ይጠራል። የካፋ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የሕያዋን ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚህ ኮረብታማ አገር የሚወጣው ቡና፥ ማርና ኮረሪማ በመጀመሪያ በአፈር መንገድ ወደ ቦንጋ ይመጣል። ከቦንጋ ወደ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መንገዱ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ወርዶ ወደ ጅማ ይወጣል፤ ከጅማም አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ እንደገና ይወርድና ወደ ወልቂጤ ይወጣል። የቦንጋ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ፥ የጊቤ ድልድይ 1,100 ሜትር ገደማ፥ የአዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ሜዳው አጭር፥ ዳገትና ቁልቁለቱ ረጅም መሆኑን የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል።

ኪሣራው ከወዴት ይመጣል

አንድ ቡና አቅራቢ በለቀማ ወራት 1,200 ኪሎ እሸት ቡና በተሳቢ ጭኖ ከማንኪራ ተነሣ እንበል። እሸት ቡና የተለቀመበት ቀን ሳያልፍ ወደ መፈልፈያ መድረስ ይገባዋል። በጆንያ ታምቆ ያደረ እንደሆነ ይሞቃል፤ መፍላትም ይጀምራል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ከ6 ኪሎ እሸት የሚገኘው ንጹሕ ቡና 1 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፥ በዚያ ተሳቢ ላይ ያለው 200 ኪሎ፥ ማለትም ወደ 12 ፈረሱላ የሚጠጋ ንጹሕ ቡና ነው።

እንግዲህ ይህ መኪና በጭቃማ ዳገት ላይ ደክሞ ቢቆም፥ ወይም ራዲያተሩ ፈልቶ ከመንገድ ቢያድር፥ ባለቤቱ የሚከስረው የመካኒክ ዋጋ ብቻ አይደለም። በጥሩ ደረጃ ሊሸጥ የነበረው ቡና ወደ ዝቅተኛ ደረጃ ይወርድበታል። ቡናውን በመልካም ዋጋ ለመላክ ውል የገባ ላኪም የተስማማበትን ጥራት ያጣል። እንደገናም ቡናውን የሸጠለት ገበሬ በሚቀጥለው ሳምንት ፈጥኖ ለሚያነሣ ለሌላ ሰው ይሸጣል። የሞተር ምርጫ የሾፌርና የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የነጋዴው የራሱ ጉዳይ ነው የምንልበት ምክንያት ይህ ነው።

የፈረስ ጉልበትና የማዞር ኃይል

አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ የሚመዝን ነገር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አንድ ሜትር ወደ ላይ የሚያነሣ አቅም ነው። ባለሙያዎች ቶርክ የሚሉት የማዞር ኃይል ደግሞ የሞተሩ ዘንግ ጎማውን ለማዞር የሚያደርገው ግፊት ሲሆን፥ የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። የፈረስ ጉልበት የሚገኘው የማዞር ኃይል ከሞተሩ የዙር ፍጥነት ጋር ሲባዛ ነው። ስለዚህ ሁለት ሞተሮች በወረቀት ላይ ተቀራራቢ የፈረስ ጉልበት ቢኖራቸውም፥ አንዱ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 5,000 ዙር እየጮኸ፥ ሌላው ግን በ2,000 ዙር ረጋ ብሎ ሊሆን ይችላል።

ይህን በምሳሌ እንየው። ምሳሌውን የወሰድነው በአገራችን በብዛት ከሚታወቀው ከቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ ስለ ሌሎቹም ሥሪቶች ነገሩ ተመሳሳይ ነው። 2.7 ሊትር የሆነው የቤንዚን ሞተር 166 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የሚያገኘው ግን በደቂቃ 5,200 ዙር ላይ ነው፤ ከፍተኛው የማዞር ኃይሉም 245 ኒውተን ሜትር ነው። 2.4 ሊትር የሆነው ቱርቦ የናፍጣ ሞተር 150 የፈረስ ጉልበት ብቻ አለው፤ ነገር ግን በብዙ አገር በሚሸጠው ዓይነት የማዞር ኃይሉ ከ1,600 እስከ 2,000 ዙር ላይ 400 ኒውተን ሜትር ይደርሳል።

ሁለቱም በ2,000 ዙር ዳገት ሲወጡ ሒሳቡ ቢሠራ፥ የናፍጣው ሞተር ወደ 114 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። የቤንዚኑ ሞተር ግን ከፍተኛውን የማዞር ኃይሉን በዚህ ዙር ላይ አገኘ ብንልለት እንኳ ከ70 አያልፍም። በወረቀት ላይ የበለጠው በዳገት ላይ ያነሰ ሆነ ማለት ነው። የቤንዚኑ ሾፌር ማርሽ እየቀነሰ፥ ሞተሩን እያስጮኸና ነዳጅ እያቃጠለ ቢወጣም፥ ይህ ለአንድ ቀን እንጂ ዘወትር ለሚሠራ ጭነት አይሆንም።

ስለ ከፍታና ስለ አየር

ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን ደግሞ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከመቶ ወደ 10 የሚጠጋውን ጉልበቱን ያጣል። እንግዲህ በባሕር ዳርቻ ተለክቶ 100 የተባለ የፈረስ ጉልበት፥ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ 80 ያህል ብቻ ይቀረዋል። ከላይ ለቤንዚኑ ሞተር የሰጠነው 70 እንኳ በዚህ ከፍታ ወደ 56 ይወርዳል።

ቱርቦ ያለው ሞተር ግን በጭሱ ግፊት በሚዞር መንኮራኩር አየሩን አምቆ ወደ ሞተሩ ስለሚያስገባ፥ ይህን ጉድለት በአብዛኛው ይተካል። ስለዚህ ቱርቦ በሜዳ አገር የፍጥነት ጌጥ ሊመስል ቢችልም፥ እንደኛ ባለ ደጋማ አገር ለሚጎትት ሰው ዋና መሣሪያ ነው።

ከፍታ ሌላም ጠባይ አለው። ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በቦንጋ ከፍታ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ተግባሩ ግፊቱን ጠብቆ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ማድረግ ነው። ክዳኑ ላልቶ ሳለ ተሳቢ መጎተት ሞተርን በገዛ እጅ ማቃጠል ይሆናል። የአንድ ክዳን ዋጋና በሙቀት የተጣመመ ቴስታታ ማሠሪያ ዋጋ እንደማይወዳደር የማያውቅ ነጋዴ የለም።

ዳገቱ ምን ያህል ጉልበት ይጠይቃል

ከላይ ወደ ጠቀስነው ምሳሌያችን እንመለስ። ተሳቢው ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ፥ ፒክ አፑ ከነሰዉና ከነጓዙ 2,500 ኪሎ ቢሆን፥ ጠቅላላው 4,500 ኪሎ ይሆናል። ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወጣ ቢሆን፥ ክብደቱ ወደ ኋላ የሚጎትተው በ450 ኪሎ ኃይል ነው። የአፈር መንገድ በጎማው ላይ የሚያደርገው መያዝ ከመቶ 3 ቢታሰብ፥ ይህ 135 ኪሎ ይጨምራል። በድምሩ 585 ኪሎ ነው።

ይህን ጭነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለማውጣት በጎማው ላይ 65 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። በካምቢዮና በዲፈረንሻል የሚባክነው ከመቶ 15 ቢሆን፥ ሞተሩ 76 ያህል መስጠት አለበት። ፍጥነቱን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ለማድረስ ግን 127 ያህል ይፈልጋል።

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ቱርቦ የሌላቸው 3 ሊትር የናፍጣ ሞተሮች በባሕር ዳርቻ ጉልበታቸው 100 ገደማ ሲሆን፥ በ2,000 ሜትር ከፍታ 80 ያህል ይሆናል። ይህ ማለት ያ ሞተር ምሳሌያችን የሆነውን ጭነት በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለማውጣት ያለውን ሁሉ አሟጥጦ መስጠት አለበት ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ይችለዋል፤ ግማሽ ሰዓት ግን ያግላል። የ2.4 ሊትሩ ቱርቦ ናፍጣ ይኸንኑ ሥራ በ2,000 ዙር ከአቅሙ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ አውጥቶ ይሠራዋል። የማይሟጠጥ ሞተር ረጅም ዕድሜ አለው።

የትኛው ለማን ይስማማል

ለዚህ አገልግሎት ገዢው የሚያማርጣቸው ሞተሮች በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው ትልቅና ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው። በላንድ ክሩዘር ፒክ አፕ ላይ የሚገኘው 4.2 ሊትር፥ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ለዚህ ምሳሌ ነው። ጉልበቱ 130 ገደማ፥ የማዞር ኃይሉ በ2,200 ዙር 285 ኒውተን ሜትር ነው። በከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ቢያጣም፥ የነዳጅ ፓምፑ በኤሌክትሮኒክስ ሳይሆን በመካኒክ ዘዴ ስለሚሠራ፥ ከከተማ ርቆ የሚገኝ መካኒክም ሊጠግነው ይችላል። መኪናው ራሱ ከባድ ስለሆነም ተሳቢው በቀላሉ አያንገላታውም። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ ነዳጅም አይቆጥብም። ከጋራዥ ርቆ ለሚውል፥ ከፍጥነት ይልቅ መድረስን ለሚፈልግ ሰው ይስማማል።

ሁለተኛው አነስተኛ ቱርቦ ናፍጣ፥ ማለትም 2.4 ሊትርና የመሳሰለው ነው። ከነጭነቱ እስከ 2,000 ኪሎ የሚደርስ ተሳቢ ከማንኪራ ወደ ቦንጋ ለሚያመላልስ አቅራቢ ይህ የሚበቃ ይመስለናል።

ሦስተኛው ትልቁ ቱርቦ ናፍጣ ነው። የሃይሉክስ 2.8 ሊትር ሞተር 204 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የማዞር ኃይሉም በአውቶማቲክ ካምቢዮ 500፥ በእጅ ማርሽ 420 ኒውተን ሜትር ነው። መፈልፈያ መሣሪያ፥ ጄኔሬተር ወይም የውሃ ታንከር ከአዲስ አበባ ወደ ቦንጋ አዘውትሮ ለሚጎትት ድርጅት ይህ ይመረጣል።

በሦስቱም ላይ ግን አንድ ነገር እናሳስባለን። የማንኪራን ዓይነት መንገድ የሚሄድ መኪና በአራቱም ጎማ የሚነዳና ዝቅተኛ ማርሽ ያለው መሆን ይገባዋል። ጭቃ ላይ ጎማው ከተንሸራተተ 500ም ኒውተን ሜትር ከንቱ ነው። ጭነቱ ዘወትር ከ3,000 ኪሎ የሚያልፍ ከሆነም ፒክ አፕን ማስጨነቅ ትርፍ የለውም፤ ያ የአይሱዙ ሥራ ነው።

ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ

የወጣ ሁሉ ይወርዳል። ምሳሌያችን የሆነው 4,500 ኪሎ ጭነት ወደ ሸለቆ 500 ሜትር ቢወርድ፥ በፍሬንና በሞተር መያዝ ያለበት ኃይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ 65 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት በፍሬኑ ላይ ብቻ ከተጣለ ሸራው ይቃጠላል፤ ፔዳሉም ቢረገጥ መልስ አይሰጥም።

ስለዚህ ብዙ ሠሪዎች ለፒክ አፕ የፈቀዱት 3,500 ኪሎ ድረስ መጎተት የሚሠራው ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ብቻ ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የሚፈቀደው 750 ኪሎ ነው። በየብረታ ብረት ሥራ ቤቱ የሚበየድ ተሳቢ የሚያዝዝ ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ ፍሬን እንዲገጠምለት ይጠይቅ። መኪናው ሲይዝ ተሳቢው ወደ ፊት በሚገፋበት ኃይል ራሱን የሚይዝበት ዓይነት አለ፤ በኤሌክትሪክ ከጋቢና የሚታዘዝም አለ።

ጭነቱም ከተሳቢው ክብደት አንድ አሥረኛው ያህል በጋንቾው ላይ እንዲያርፍ ወደ ፊት አመዝኖ ይደልደል። ወደ ኋላ ያመዘነ ጭነት የመኪናውን የኋላ ጎማ ያቀልለዋል፤ ቁልቁለት ላይም ተሳቢው ግራና ቀኝ መወናጨፍ ይጀምራል። ሾፌሩም ቁልቁለቱን ዳገት በሚወጣበት ማርሽ ይውረደው። እንዲሁም ብዙ ሠሪዎች በመመሪያቸው ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ በጨመረ ቁጥር ከተፈቀደው የመጎተት ክብደት ከመቶ 10 እንዲቀነስ ይመክራሉ። በወረቀት የተጻፈው 3,500 ኪሎ ለሜዳ አገር መሆኑ አይዘንጋ።

ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች

አስመጪ የሆነ ሰው ሞተሩን ሲመርጥ ነዳጁንም አብሮ ይምረጥ። አዳዲሶቹ ቱርቦ ናፍጣዎች ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት ስለሚረጩ ውሃና ቆሻሻ አይችሉም። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ደግሞ በጭስ ማውጫቸው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ አላቸው፤ ይህም ሰልፈሩ እጅግ ያነሰ ናፍጣ ይጠይቃል። አንዳንዶቹም ዩሪያ የሚባለውን ፈሳሽ ይፈልጋሉ። ስለሆነም ከውጭ ያገለገለ መኪና በርካሽ አገኘሁ ብሎ ከመዋዋል በፊት፥ ሞተሩ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ በሞተር ቁጥሩ ማረጋገጥ ይገባል።

ሕጉንም መመልከት ያሻል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ መጠን ታክሱ እንዲከብድ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። የሚፈልጉት ፒክ አፕ በየትኛው መደብ እንደሚታይ ከጉምሩክ ኮሚሽን በጽሑፍ ሳያረጋግጡ ኤል ሲ መክፈት አይገባም። የኤሌክትሪክ ሞተር በበኩሉ ከመነሻው ሙሉ የማዞር ኃይሉን የሚሰጥና ከፍታ የማያደክመው ነው፤ ይሁን እንጂ ከባድ ተሳቢ ሲጎትት በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ስለሚችል፥ ገዢው በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ኃይል መሙያ መኖሩን አስቀድሞ ይወቅ።

የመለዋወጫ ነጋዴም ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት አለ። ተሳቢ በሚጎተትበት አገር ቶሎ የሚያልቀው የፍሪሲዮን ሸራ፥ የፍሬን ሸራ፥ ውሃ የሚለይ የናፍጣ ፊልትሮ፥ የራዲያተር ክዳንና ቺንጊያ፥ የተሳቢ ጎማ ኩሽኔታና የኋላ መብራት አምፑል ነው። እነዚህን እውነተኛውን ዕቃ በመደርደሪያው የያዘ የቦንጋ ሱቅ በለቀማ ወራት ደንበኛ አያጣም። አስመስሎ የተሠራ ፊልትሮ የሸጠ ግን የአንድ ቀን ትርፍ አግኝቶ የዓመት ደንበኛ ያጣል።

በአጭሩ ለማጠቃለል፥ ፒክ አፕ ለመግዛት የሚነሣ ነጋዴ ሻጩን አራት ነገር ይጠይቅ። የማዞር ኃይሉ በ2,000 ዙር ስንት ነው? ቱርቦ አለው ወይስ የለውም? መኪናውና ተሳቢው ተደምረው እንዲመዝኑ የተፈቀደው ስንት ነው? መለዋወጫውስ በቅርብ ይገኛል? መልሱን ካገኘም በኋላ እንደ ቀድሞው ሲራራ ነጋዴ ያድርግ፤ ጭነት አስጭኖ በዳገት ይሞክረው፤ ቁልቁለትም ያውርደው። በሜዳ ላይ ያማረው ሁሉ ከማንኪራ ቡና ይዞ አይመጣምና።